የጎደለ የውቅያኖስ ሴንሰር ዳታን በማሽን ለርኒንግ መሙላት፦ ለሸዋ ክረምት ትንበያ ይታመናል?

የቀይት ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ብርሃን ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። የውቅያኖስን ሙቀት አይቶ የሰሜን ሸዋን የክረምት ዝናብ ግንቦት ላይ መገመት ይቻላል ወይ?

ዳታውን የወሰድኩት ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ታኦ ይባላል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ፣ መልሕቅ ተጥሎላቸው የቆሙ ቡዮች፣ ማለትም ተንሳፋፊ መለኪያዎች ናቸው፤ መረቡ ሙሉ በነበረበት ጊዜ 70 ገደማ ነበሩ። ሁለተኛው ራማ ነው፤ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከ2004 ጀምሮ የተዘረጋ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከላይ ነፋስና የአየር ሙቀት ይለካሉ፤ ከታች ደግሞ የውኃውን ሙቀት በየጥልቀቱ እስከ 500 ሜትር። ማንም ሰው በነፃ ማውረድ ይችላል።

ያስቸገረኝ ክፍተቱ ነው። አንዳንዱ ቡይ ለሳምንት፣ አንዳንዱ ለወራት ዝም ይላል። ኤልኤስቲኤም የሚባል፣ ከተከታታይ ዳታ የሚማር የማሽን ለርኒንግ ሞዴል ሠርቼ ልሞላው ጀምሬአለሁ። ለመፈተን ካለው ዳታ 10 በመቶውን በዘፈቀደ ደበቅኩና ሞዴሉ እንዲገምተው አደረግኩ። ስህተቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያየው ሁሉ "ጨርሰሻል" ይለኛል። እኔን ግን አላሳመነኝም። እንዲህ ያማረ ውጤት ያስፈራኛል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስተያየት ስጡኝ።

ባሶና

ኤልኤስቲኤም ለተከታታይ ዳታ ጥሩ ነው፣ በርቺ። ኮምፒውተርሽ ካልቻለው ኮላብ ላይ፣ በጉግል ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት አስኪጂው። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የሠራሽው እንዳይቀር ግን ሞዴሉን በየመሐሉ ድራይቭ ላይ ሴቭ የሚያደርግ ኮድ ጨምሪበት።

የጣርማበር ጉም

እቱ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። እኔ ደብረ ሲና ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የውቅያኖስ ዳታ ደግሞ ትርፍ ጊዜዬን የሚበላ ነገር ነው።

ውቅያኖስ ዝግተኛ ነው። የዛሬው ሙቀት ከትናንቱ ብዙ አይርቅም። አንድ ቀን ብቻ ደብቀሽ ትናንትንና ነገን ካሳየሽው ምንም ሞዴል አያስፈልግም፤ ሁለቱን ነጥቦች በማስመሪያ ማገናኘት ይበቃል። ስለዚህ ያገኘሽው ውጤት ስለ ሞዴሉ ብዙም አይነግርሽም። የሚነግርሽ ውቅያኖስ ዝግተኛ መሆኑን ነው።

እውነተኛው ክፍተትሽ ግን አንድ ቀን አይደለም። ቡዩ ሲበላሽ ጥገና መርከብ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ስትደብቂም እንደዚያው ደብቂ። መጀመሪያ እውነተኞቹ ክፍተቶች ስንት ስንት ቀን እንደሆኑ ቁጠሪ። ከዚያ በዚያው ርዝመት ልክ ደህና ከሆነው ዳታ ላይ ተከታታይ ሳምንታትና ወራት አንሺ። አልፎ አልፎም አንድን ቡይ ሙሉ በሙሉ ደብቂና ከጎረቤቶቹ ብቻ እንዲገመት አድርጊ። ውጤቱ ይወርዳል። የሚወርደው ቁጥር ነው ትክክለኛው።

ደግሞ ኤልኤስቲኤሙን ብቻውን አታቅርቢው። ከጎኑ ተራ የሆኑትን አሰልፊ። የወሩ የብዙ ዓመት አማካይ፣ መጨረሻ የተለካውን ቁጥር ዝም ብሎ መድገም፣ በማስመሪያ ማገናኘት፣ ከጎረቤት ቡይ ጋር የተሠራ ቀላል ሪግሬሽን (አንዱን ቁጥር ከሌላው በቀጥታ መስመር መገመት)። እነዚህን ካልበለጠ ምን ያደርግልሻል?

ጓሳ

ይቅርታ፣ ከመንዝ ነኝ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ዳታውን ባላውቅም አንድ ነገር ልጠይቅ። ፓስፊክ የት፣ መሐል ሜዳ የት? አርሶ አደሩ የሚጠይቀኝ "ዝናቡ መቼ ይገባል፣ ገብሱን ልዝራ ወይስ ልቆይ" ብሎ ነው። ከዚያ ማዶ ያለ ቡይ ለወራት ዝም አለ ብለን መጨነቃችን ለእኛ ምን ይፈይዳል?

የጣርማበር ጉም

@ጓሳ ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ወገብ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከልኩ በላይ ሲሞቅ ነው። ያ ሙቀት የአየሩን ዝውውር እስከ እኛ ድረስ ያዛባል። በኤልኒኖ ዓመት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳል። 2015ን አስታውስ። በዚያ ድርቅ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኗል። ሕንድ ውቅያኖስም የራሱ መወዛወዝ አለው፤ ዳይፖል ይሉታል። ምዕራቡ ሲሞቅና ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ በምሥራቅ አፍሪካ የመጸው ዝናብ ይበረታል፤ 2019 ላይ የታየው ጎርፍ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

ቡዮቹ ለምን እንደተተከሉም ላንሳ። የ1982ቱ ኤልኒኖ በዘመኑ ከታዩት ሁሉ ከባድ ሆኖ ሳለ ሳይንቲስቶቹ በጊዜ አላዩትም። በዚያ ዓመት ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ጭሱና ትቢያው ሳተላይቶቹን አሳሳተና ባሕሩን ከእውነተኛው ሙቀት ቀዝቃዛ አድርገው አሳዩ። ከመርከቦች የመጡት ከፍተኛ ቁጥሮች ደግሞ ከተለመደው በጣም ስለራቁ እንደ ስህተት ተቆጥረው ተጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው "ውኃው ውስጥ የቆመ የራሳችን መለኪያ ይኑር" ተብሎ መረቡ ተዘርግቶ በ1994 መጨረሻ የተጠናቀቀው።

እህታችን ይህን ልብ ትበል። ማሽኑ የተለመደውን ይወዳል። ክፍተቱ የወደቀው ያልተለመደ ነገር በሚሆንበት ወር ከሆነ ሞዴሉ ያንን ወር ወደ አማካይ ጎትቶ ይሞላዋል። እኛን ደግሞ የሚጎዳን ያልተለመደው ዓመት ነው።

የድሮ ታዛቢ

ልጆቼ፣ ጡረታ እስከምወጣ ድረስ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ላይ ታዛቢ ነበርኩ። ባሕር በዓይኔ አላየሁም። የጎደለ ዳታ ግን አውቃለሁ።

የእኛ መለኪያ በየጠዋቱ 3 ሰዓት ይነበባል። ዝናብ ከሌለ 0 ይጻፋል። ታዛቢው ካልተገኘ ባዶ ይተዋል። 0 እና ባዶ በጣም ይለያያሉ። 0 ማለት "አየሁ፣ አልዘነበም" ነው። ባዶ ማለት "አላየሁም" ነው። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ግን ባዶው 0 ሆኖ የተገኘበት መዝገብ ብዙ አይቻለሁ። ያን የሚያነብ ሰው ድርቅ ነበር ይላል።

ሌላው፣ መዝገቡ ባዶ የሚሆነው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን ነው። መንገዱ ይቆረጣል፣ ወንዙ ይሞላል፣ መለኪያው ራሱ ሞልቶ ይፈሳል። ትልቁ ዝናብ በወረደበት ቀን ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ባሕሩ ላይስ ቡዩ የሚበላሸው መቼ ነው? እሱን ሳታውቂ አትሙዪው ልጄ።

የቀይት ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠየቁትን ፈልጌ አነበብኩ። ቡይ የሚጠፋበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው።

ቡይ ሥር ዓሣ ይሰበሰባል። ዓሣ አጥማጆች መርከባቸውን እዚያ ያስራሉ፤ ገመዱ ይበጠሳል፣ ሴንሰሩ ይሰበራል፣ አንዳንዴም ይወሰዳል። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ደግሞ በሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ምክንያት መርከቦች በምዕራቡ በኩል ለመትከልም ለመጠገንም ሳይችሉ ቆይተዋል። የገንዘብም አለ። ታኦን የምትጠግነው የአሜሪካ መርከብ በ2012 ከሥራ ወጣች። ከዚያ በ2014 መጀመሪያ ላይ መረቡ ይሰጥ ከነበረው ዳታ የሚደርሰው ወደ 40 በመቶ ወርዶ ነበር። አውሎ ነፋስም አለ፤ የእርስዎ ከባድ ዝናብ ማለት ነው።

አንዱ ደግሞ ጭራሽ አይጠፋም፣ ቀስ እያለ ይዋሻል። ሴንሰሩ ላይ አልጌና ትናንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ይበቅላሉ። የጨው መለኪያው ሕዋስ ሲጠብ ጨዋማነቱን አሳንሶ ያነባል። መስመሩ ላይ ምንም ክፍተት አይታይም። ግን ልክ አይደለም።

የሮቢት ልጅ

የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ዳታ ላይ ነው የምሠራው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ዋናው አደጋ ግን አልተነሳም።

የቀይት ልጅ፣ ክፍተቱን የምትሞይው በምን ነው? ከፊቱም ከኋላውም ባለው ዳታ ነው አይደል? ያለፈውን ታሪክ ለማጥናት ከሆነ ችግር የለውም። አንቺ ግን ትንበያ ነው የምትሠሪው። እንበል የአንድ ዓመት የግንቦት ክፍተት በሰኔና በሐምሌ ቁጥር ተደግፎ ተሞላ። ከዚያ "ግንቦት ላይ ቆሜ ክረምቱን ተነበይኩ" ትያለሽ። አልተነበይሽም። ግንቦትሽ ውስጥ ሐምሌ ገብቷል። ወረቀት ላይ ጎበዝ ሞዴል ይሆናል፤ በእውነተኛው ግንቦት ግን ሐምሌ ገና አልመጣም።

ይህን ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ከሥሩ ነው። ለትንበያው የሚገባው ዳታ ወደ ኋላ ብቻ እያየ መሞላት አለበት። ለእያንዳንዱ ዓመት "በግንቦት መጨረሻ እጄ ላይ ምን ነበር" ብለሽ ያንን ብቻ ስጪው። አማካዩንም ቢሆን የወደፊቱን ዓመታት ጨምረሽ አታስሊው።

ሁለተኛ፣ ጎደሎውን ለመሙላት የሳተላይት የገጽ ሙቀት ካርታ ልትጠቀሚ ታስቢ ይሆናል። ኦአይኤስኤስቲ የሚባለው ከ1981 ጀምሮ በየቀኑ አለ፤ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚጠቀመው። እሱ ግን ሳተላይት ብቻ አይደለም። የመርከብና የቡይ ልኬት ተቀላቅሎበታል። አንድ ቡይ ደብቀሽ በዚያ ካርታ ብታስገምቺ፣ መልሱ ጥያቄው ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኤልኤስቲኤሙን ተይው። ለክረምት ትንበያ በየዓመቱ አንድ ክረምት ነው ያለሽ። ከ1981 ብትጀምሪ እንኳ አርባ ምናምን ነጥብ ነው፤ ራማን ከያዝሽ ከሃያ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ ሞዴል ቢሸመድድ እንጂ አይማርም።

የጣርማበር ጉም

@የሮቢት ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ተቀብያለሁ። ሁለተኛውን አላሰብኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ።

በሦስተኛው ግን አንስማማም። ሁለት ሥራ አለ፤ አንድ ላይ አትጨፍልቀው። ትንበያው አርባ ነጥብ ነው፤ እውነት ነው። ክፍተት መሙላቱ ግን በየቀኑ፣ በየጥልቀቱ፣ በብዙ ቡይ ላይ የሚሠራ ነው። እዚያ ዳታ ሞልቷል። ሞዴል የሚማረው ፊዚክስም አለ።

ወገብ ላይ ነፋሱ ሲለወጥ ኬልቪን የሚባል ሞገድ ከውኃው በታች ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ፓስፊክን ለማቋረጥ ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። በምዕራብ ያለው ቡይ ዛሬ 150 ሜትር ላይ ሙቀት ካየ፣ ምሥራቅ ያለው ከሳምንታት በኋላ ያየዋል። ስለዚህ የምሥራቁ ቡይ ቢጠፋ፣ የምዕራቡ ያለፉ ሳምንታት ብዙ ነገር ይነግራሉ። ወደ ኋላ ብቻ እያዩ መሙላት የሚቻለውም ለዚህ ነው። የባሕሩ ከፍታም ያግዛል። ከ1992 ጀምሮ ሳተላይቶች የባሕሩን ገጽ ከፍታ ይለካሉ። የላይኛው ሞቃት ውኃ ሲወፍር ገጹ በጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ደመና አይከልለውም።

እንዲህ ያለ ከርቀትና ከጊዜ የሚመጣ ግንኙነት ኤልኤስቲኤምም ሆነ ራንደም ፎረስት (የብዙ ውሳኔ ዛፎችን ግምት የሚያዋህድ ቀለል ያለ ሞዴል) ሊይዘው ይችላል። እኔ ብሆን በራንደም ፎረስት እጀምራለሁ። የምዕራቡ ቡይ ከ10፣ ከ20፣ ከ40 ቀን በፊት ያነበበውን እንደ ግብዓት መስጠት ብቻ ነው። ከዚያ ኤልኤስቲኤሙ ከበለጠ ይበልጥ።

የሮቢት ልጅ

@የጣርማበር ጉም ልክ ነህ፣ ለመሙላቱ ይሁን። ለትንበያው ግን ቀላል ሪግሬሽን ብቻ፤ እዚያ ላይ ፍንክች አልልም።

ባሶና

ጥያቄ አለኝ። ጭራሽ ባይሞላስ? ባዶውን ታግሰው የሚሠሩ ሞዴሎች አሉ አይደል?

የሮቢት ልጅ

አሉ። ኤክስጂቡስት የሚባለው ሞዴል ባዶውን እንዳለ ይቀበላል። "እዚህ ልኬት አለ፣ እዚህ የለም" የሚል ተጨማሪ አምድ መስጠትም ይቻላል። ትንበያው ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ይህንንም ሞክሪው። አንዳንዴ ከመሙላት ይሻላል።

ጓሳ

አሁን ገባኝ፤ ተምሬበታለሁ። ግን እኔ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፣ እባካችሁ ይህንን ጥናቱ ውስጥ አስገቡልኝ።

እኛ ዘንድ በልግም አለ። በልግ ላይ የዘራ ሰው ዝናቡ ሲቋረጥበት ዘሩን ያጣል። ሁለተኛ የሚዘራው ዘር ከጎረቤት ተበድሮ ነው፣ ወይም በግ ሸጦ። ትንበያ ሲመጣልኝ "ዝናቡ ከመደበኛ በላይ" ይለኛል። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ አይነግረኝም። በለካነው ላይ ተመሥርተን ነው ወይስ ማሽን ሞልቶልን ነው፣ አላውቅም። አርሶ አደሩ ዓይኔን እያየ ነው የሚጠይቀኝ። "አላውቅም" ብለው ይረዳኛል። እርግጠኛ መስሎ የተነገረው ነገር ሲከሽፍ ግን በሚቀጥለው ዓመት አይሰማኝም። አንድ ጊዜ ከጠፋ እምነቱ አይመለስም።

ከተሞላ ተሞልቷል በሉ። የለካችሁትንና የገመታችሁትን አንድ ዓይነት ቀለም አትቀቡት።

የቀይት ልጅ

ጓሳ፣ ይህንን ቃል በቃል አማካሪዬ ዘንድ ይዤ እሄዳለሁ።

እስካሁን ከሰማሁት ሥራዬን እንደዚህ ልቀይረው ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ምልክት ይኖራል፤ ተለክቷል ወይስ ተገምቷል የሚል። የተገመተው ከሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይቀመጥም፤ ታችና ላይ ድንበሩ አብሮ ይጻፋል። ለዚህ ጋውሲያን ፕሮሰስ የሚባለውን ዘዴ አስቤአለሁ፤ ከልኬቱ እየራቀ ሲሄድ ድንበሩን ራሱ ያሰፋዋል። ድንበሩን ደግሞ እፈትነዋለሁ። "90 በመቶ እዚህ ውስጥ ነው" ካልኩ፣ ከደበቅኳቸው ቁጥሮች ከመቶው ዘጠና ያህሉ በእርግጥ እዚያ ውስጥ መገኘት አለባቸው። ስድሳው ብቻ ከተገኘ ሞዴሌ ከሚያውቀው በላይ እያወራ ነው ማለት ነው።

የተሞላውን ዳታ ወደ ትንበያው ሳስገባም አንድ ቁጥር አላስገባም። ከድንበሩ ውስጥ ብዙ ሊሆኑ የሚችሉ መስመሮችን አውጥቼ በእያንዳንዱ ትንበያውን እደግመዋለሁ። መስመሮቹ የተለያየ ክረምት ከሰጡኝ፣ ክፍተቱ ትንበያውን አናግቶታል ማለት ነው፤ እሱንም እጽፋለሁ።

አንድ የቀረኝ አለ። በዘፈቀደም ደበቅኩ፣ በወርም ደበቅኩ፣ ሁሉም እኔ የፈጠርኩት ክፍተት ነው። እውነተኛ ክፍተት ላይ፣ ቡዩ በእርግጥ ዝም ባለበት ጊዜ፣ ሞዴሉን መፈተን የሚቻልበት መንገድ አለ?

የጣርማበር ጉም

በከፊል አለ። ቡዮቹ በየቀኑ በሳተላይት የሚልኩት አንድ ነው። ሌላ ደግሞ በውስጣቸው የሚመዘግቡት አለ፤ እሱ የሚገኘው መርከቧ ሄዳ መሣሪያውን ስታነሳ ነው፣ በዓመት አንዴ ገደማ። አንዳንዱ ክፍተት ሴንሰሩ ሞቶ ሳይሆን ማስተላለፊያው ተቋርጦ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው በኋላ ከማኅደሩ ይሞላል።

ስለዚህ ቀጥታ የተላለፈውን ፋይልና በኋላ ተጣርቶ የወጣውን ፋይል ለየብቻ ማግኘት ከቻልሽ አስተያዪያቸው። በመጀመሪያው ላይ ባዶ ሆኖ በሁለተኛው ላይ ቁጥር ያለበት ቦታ ሁሉ ፈተናሽ ነው። ክፍተቱ እውነተኛ ነው፤ መልሱም አለ። ግን ሴንሰሩ ራሱ የተሰበረበትን አይወክልልሽም፤ ጋሼ ያሉት እዚያ ላይ እንዳለ ነው።

የድሮ ታዛቢ

ከመጀመርሽ በፊት ባዶው በምን እንደተጻፈ እዪ። ፋይሉ ላይ ባዶ ቦታ አይተዉም፤ ቁጥር ያስቀምጣሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።

የሮቢት ልጅ

እውነትዎን ነው ጋሼ። አርጎ በሚባሉት ተንሳፋፊዎች ፋይል ላይ ባዶው 99999 ተብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የጥራት ምልክትም አለ። አርጎ ላይ 1 ደህና ነው፣ 4 መጥፎ ነው። ታኦና ራማ የራሳቸውን የምልክት አሰጣጥ ይጠቀማሉ፤ መመሪያቸውን ሳታነቢ አንዱን በሌላው አትተርጉሚ።

ኢንተርኔቱ ካስቸገረሽ ደግሞ ሙሉ ፋይል አታውርጂ። ኤርዳፕ የሚባሉ ሰርቨሮች አሉ። ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን መርጠሽ የምትፈልጊውን ቁራጭ ብቻ በሲኤስቪ ይሰጡሻል። የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖሱን መጀመሪያ አውጪና የክፍተቶቹን ርዝመት እዚህ ለጥፊልን። ዛሬ ማታ ኮዱን አብረን እናየዋለን።